የኦይታ ሮቶ እና የእትዬ አሰፋሽ መቀመጫ

አርባ ምንጭ ውስጥ መስታወት ማጽዳት ሥራ መሆኑን መጀመሪያ ያወቀው ኦይታ ነው። ሌላው ሰው መስታወት የሚያጸዳው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ያውም የቤቱን ሁለት መስኮት፣ ያውም በአሮጌ ጋዜጣ። ከሚሌኒየሙ ወዲህ ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ግድግዳ ማቆሙን ተወና መስታወት ማቆም ጀመረ። ሰማያዊ መስታወት ያልለበሰ ፎቅ ፎቅ ነው አይባልም። በዚያ ፀሐይ መስታወት ቤት ውስጥ መቀመጥ በቁም መቀቀል ነው፤ ቢሆንም ተከራዩ ከውስጥ እየተቀቀለ፣ ባለፎቁ ከታች አንጋጦ እያየ እየረካ፣ አቧራው ደግሞ ሁለቱንም በየቀኑ እየጋረደ ኑሮ ቀጠለ።

ኦይታ ያኔ ኩልፎ ወንዝ ዳር መኪና ያጥብ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን የከተማዋ ላይኛ ሰፈር ሴቻ ወጥቶ ፎቆቹን ሲያይ፣ “ይኼ እኮ በቂጡ የቆመ መኪና ነው!” አለ። ባለ ላስቲክ መጥረጊያ፣ መሰላልና ገመድ ገዛ፤ በማግስቱ ራሱን የመስታወት ባለሙያ ብሎ ሾመ። የሚቃወም ሌላ ባለሙያ ስላልነበረ ሹመቱ ጸደቀ።

ችግሩ ውሃ ነበር። የአርባ ምንጭ ዘበኛ በር ይከፍትልሃል፣ ወንበር ይሰጥሃል፣ ከፈለግህ የባለቤቱን የቤት ጉዳይ ሳይቀር ያጫውትሃል፤ ቧንቧ ግን አያስነካህም። “ውሃ ጠፍታለች” ይልሃል፣ ከጀርባው ቧንቧው እየተንጠባጠበ። ስለዚህ ኦይታ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ቦኖ በጄሪካን እየቀዳ በባጃጅ ሽቅብ ያመላልስ ነበር። ባጃጅ ነጂዎቹ፣ “ወንበሬን አራስከው፣ አንተ ሰውዬ!” እያሉ ሲሰድቡት መስታወት ቤት ድረስ ይሰማል።

እንዲህ እያለ ሐጂ ሚፍታ ሴቻ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሠሩ። ሐጂ የሲቀላ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ስኳርም ሲሚንቶም ከሳቸው እጅ ሳያልፍ አይቀመስም። ሕንፃው ከሩቅ ሲያዩት ከአባያ ሐይቅ የተቆረሰ ይመስላል፤ ከቅርብ ሲያዩት ግን አቧራ ነው። ኦይታን አስጠሩት።

“የምርቃቱ ዕለት ካበራኸው ዓመቱን ሙሉ ሥራው ያንተ ነው” አሉት። “ካላበራኸው ግን ሐዋሳ ዩኒፎርም የለበሱ መስታወት አጣቢ ልጆች አሉ።”

“ውሃስ፣ ሐጂ?”

“እሱ ያንተ ጣጣ ነው። ሴቻ ውሃ አለ ብዬ በዚህ ዕድሜዬ አልዋሽም።”

ኦይታ ዓመት ሙሉ የሚቆይ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ያለችውን ጥሪት አራግፎ ከሶዶ መስመር በጡረታ የተገለለ ሚኒባስ ገዛ። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ጣለ፤ ቀረችው ውሃ መያዣ። ይህችን ፍለጋ ወደ ዕቃ ሻጩ ሙህሲን ሱቅ ሄደ።

“መካከለኛው ሮቶ ይበቃኛል” አለ።

ሙህሲን ከላይ እስከ ታች አየው። “መካከለኛውን የሚወስዱት እኮ ብቻቸውን የቀሩ ባልና ሚስት ናቸው። አንተ ድርጅት ነህ!”

ድርጅት ሲባል ኦይታ ዋጋ መከራከሩን ተወ። ከሱቁ ሲወጣ ትልቁን ሮቶ በጋሪ አስጭኖ፣ እሱ ራሱ ከፊት ከፊት እንደ ሙሽራ አጃቢ እየሄደ ነበር።

በያጁ ኤርጫፎ ጋራዥ ሲደርስ ሥራ ፈት ሁሉ ተሰበሰበ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ደግሞ መሐንዲስ ነበር። ሮቶው በጎን በር እንቢ አለ። በኋላ በር ገፉት፤ ጣሪያው ያዘው። “ጣሪያውን እንቅደድለት!” አለ አንዱ። ተቀደደ። ሮቶው አንገቱን በቀዳዳው አውጥቶ፣ ከኋላ በሩ ሥር ተሰንቅሮ ቆመና ከዚያ ወዲህ ለማንም ንቅንቅ አልል አለ።

“ወደ ፊት መሄድ የለበትም?” ሲል ጠየቀ ኦይታ።

ኤርጫፎ ላቡን ጠረገ። “እዚሁ ይሁን። ራሱ ነው ቦታውን የመረጠ።” በብረት አሥሮ በየደው። ቤት በሸክም ከሚዛወርበት ከዶርዜ የወረደ አንድ ሽማግሌ ከጣሪያው በላይ ያጮለቀውን ክዳን አይቶ፣ “ይኼን ቤት ለማን ነው የምታደርሱት?” አለ አሉ።

ኦይታ ሮቶውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ወደ ሴቻ ሲነዳ ሜዳው ላይ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ዳገቱ ሲጀምር መኪናው ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረ፤ መኪናው ነገሩን ሊያስብበት የፈለገ ይመስል ቀጥ ብሎ ሄደ። ወደ ግራ አዞረ፤ ያው ነው። የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን እየነኩ አልነበሩም። ቦዩ አፋፍ ላይ በፍሬንና በጸሎት ቆመ።

እዚያው መንገድ ዳር እትዬ አሰፋሽ ሚኒባስ ትጠብቃለች። እትዬ አሰፋሽ ከጫኖ ማንጎ እያመጣች ለሴቻ ሆቴሎች የምታስረክብ፣ ግርማዋ ከድምፅዋ፣ ድምፅዋ ከግርማዋ የማያንስ ሴት ናት። ሳትጠየቅ በሩን ከፈተች።

“ሴቻ ነህ አይደል? ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ሞልቶ አለፈኝ” ብላ ከነቅርጫቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

መኪናው እንደ ግመል ተንበረከከ። ጎማው አስፋልቱን ነከሰ፤ መሪውም ልብ ገዛ። ኦይታ ዓይኑን ማመን አቅቶት ወደ ሴቻ በሰላም ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹን ፎቆች ሊያጥብ ሲወጣ በየማለዳው ያሳፍራት ጀመር፤ በነፃ። እትዬ አሰፋሽ ደግሞ ከመቀመጥም አልፋ ሙያው ገባት። ታጠፍ ሲል ወዴት ማጋደል እንዳለባት ሳይነግራት ታውቃለች፤ “በቀኝ ናት፣ ጉድጓዷን ልብ በል” ትለዋለች። አንድ ቀን ጫኖ ስትቀር በሷ ቦታ የአሸዋ ጆንያ አስቀምጦ ሞክሮ ነበር። አሸዋ ግን አይደገፍም፣ ያዝ ሲሉትም አይሰማም፤ የመጀመሪያዋ መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ፍሬኑ ላይ ተኛ። ኦይታም ከአሸዋ ጋር ዳግመኛ ላይጓዝ ማለ።

ሲቀላ ግን ዓይን አላት። “ኦይታ በጠዋት በጠዋት ያቺን የማንጎ ሴትዮ ይዞ ወዴት ነው?” ተባለ። ወሬው ሚስቱ በለጥሽ ዘንድ የደረሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በጸሎት ርእስ መልክ ነው። “ስሙን አንጠራም” አለች አንዷ እኅት ዓይኗን ጨፍና፣ “አንድ ወንድም አለ፤ ጣሪያው የተቀደደ ሚኒባስ ያለው…”

በለጥሽ ማታ ጠበቀችው።

“ያቺን ሴትዮ ለምንድን ነው የምትጭናት?”

“ክብደት ናት!”

“ምን?”

“ከኋላ ውሃ፣ ከፊት እሷ። ካልተቀመጠች እኮ መኪናው ይቆማል፤ በቂጡ!”

በለጥሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሲበቃት፣ “ታዲያ ግማሽ ብቻ ለምን አትሞላውም?” አለችው።

ኦይታ እንደተሰደበ ሰው አያት። “ግማሽ? ያለፈ ያገደመው ሁሉ በጡጫ እያንኳኳው ነው እኮ የሚሄደው! ያን የሚያህል ሮቶ ገዝቶ ባዶውን ያንቀረቅባል ልባል?”

በለጥሽ የቤቷን ስም ለማጽዳት ነገሩን ለጎረቤቷ አስረዳች። ጎረቤቷ ለሌላዋ አስረዳች። ወሬው ሚኒባስ ተራ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ነበር፦ “ኦይታ፣ አሰፋሽ ድንጋዬ ናት አለ።”

ይህ የሆነው ለምርቃቱ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በጠዋት መኪናውን አቁሞ በሩን ሲከፍትላት እትዬ አሰፋሽ ፊቷን አዞረች።

“ድንጋይ ከፈለግህ ኩልፎ ሞልቷል። ውረድና ልቀም።”

“እትዬ፣ ኧረ እኔ ድንጋይ አላልኩም! ያልኩት ክብደት ነው!”

“ደግሞ ይደግመዋል!” አለችና በቆመው ታክሲ ገባች።

ኦይታ ግማሹን ቀን ሲቃትት ዋለ። ነገ ሐጂ ሚፍታ ፊት ካልቆመ፣ ዓመቱም ሥራውም ለባለ ዩኒፎርሞቹ ነው። በለጥሽ ስለ ግማሽ ሮቶ ደግማ ልትናገር ስትል በእጁ አስቆማት። ውሃ ከማጉደል ሌላ የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ሽማግሌ ላከ።

ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ገነነና ጎረቤቱ ደበሌ እርጥብ ሳር ነጭተው ይዘው፣ ኦይታን ከኋላ አስከትለው፣ እትዬ አሰፋሽ ከሰዓት ወደምትገኝበት ሲቀላ ገበያ ገቡ። እርጥብ ሳር የተያዘበት ነገር ቀልድ አይደለም፤ ደም የተቃቡትም ይታረቁበታል። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበባቸው።

“ልጃችን በድሎሻል፤ ይቅር በይን ብለን መጥተናል” አሉ አቶ ገነነ።

“ምን ብሎ በደለኝ?”

አቶ ገነነ ወደ ደበሌ አዩ። ደበሌ ሳሩን አየ። “መቼም… ነገሩ የመኪና ወንበር ጉዳይ ነው” አሉ አቶ ገነነ በመጨረሻ። ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ሽንኩርት ሻጯ፣ “ለወንበር ሽማግሌ! ለፍራሽ ቢሆን ጳጳስ ሊልክ ነው!” አለች።

እትዬ አሰፋሽ አልሳቀችም። “ድንጋይ ያለኝ አፍ እዚሁ፣ ሰው መሀል፣ እውነቱን ይናገር።”

ኦይታ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ወጣ። “እትዬ አሰፋሽ ከሌሉ የፊት ጎማዬ መሬት አይነካም።”

“አልሰማሁም!”

“እርስዎ ከሌሉ ከሲቀላ አልወጣም! የሐጂን ሥራ አላገኝም! እኔ መሪውን እይዛለሁ እንጂ መኪናውን የያዙት እርስዎ ነዎት!”

“እኔንም ይዘኸኝ ሂድ፣ ከሷ በምን አንሼ!” አለች ሽንኩርት ሻጯ።

“አንቺ መታጠፊያ አታውቂም” አለቻት እትዬ አሰፋሽ። ኦይታ ይቅርታ ማግኘቱን ያወቀው በዚህ ነው።

በማግስቱ ባለ ቀይና ቢጫ የዶርዜ ጥበቧን ደርባ መጣች። ሮቶው እስከ አፉ ሞልቷል። ሲወጡ መኪናው እንደ ሎሌ ታዘዘ።

ሕንፃው በር ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ሐጂ ሚፍታ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንቆራጠጣሉ። ሴቻ ውሃ የለም። መስታወቱ ላይ የአንድ ወር አቧራ አለ። ኦይታ ቱቦውን ዘርግቶ መሰላሉን ሲያቆም እትዬ አሰፋሽ ልትወርድ አንድ እግሯን አወጣች፤ የመኪናው አፍንጫ ቀና አለ።

“ኧረ ይቀመጡ! ይቀመጡ በፈጠረዎት!” እያለ ኦይታ ሮጠ። “ውሃው እስኪያልቅ!”

ተቀመጠች። መቼም ከተቀመጡ አይቀር ብላ ጥበቧን አስተካከለች፣ አገጯን ቀና አደረገች።

እንግዶች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የደረሰው ከረባት ያሠረ ሹም ነበር። ጥበብ የለበሰች ሴት መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሳትወርድ፣ ሠራተኛ ዙሪያዋን ሲራወጥ አየ። ከመኪናው የማይወርድ ሰው በሹሙ ልምድ ከሱ በላይ የሆነ ሰው ነው። ጠጋ ብሎ በመስኮቱ በሁለት እጁ ጨበጣት።

“እንኳን ደህና መጡልን።”

“እንኳን ደህና ቆያችሁ” አለች እትዬ አሰፋሽ።

ከኋላው ያለው እንግዳ ሹሙ ዝቅ ሲል አይቶ የባሰ ዝቅ አለ። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። አንዱ ለስላሳ አመጣላት፤ ሌላው በሰሐን ኬክ። ሦስተኛው፣ “የክልሉ ናቸው?” ብሎ ሲያንሾካሹክ አራተኛው፣ “ከዚያም በላይ” አለው።

ሐጂ ሚፍታ እትዬ አሰፋሽን ከነማንጎዋ ድሮ ያውቋታል። ነገር ግን እንግዶቻቸው ሁሉ የሚያውቁትን እሳቸው ሳያውቁ ሊቀሩ አልፈለጉም። መስታወቱ ደግሞ ከላይ ወደ ታች እየጠራ፣ ሰማዩን ሁሉ እየገለበጠ ማሳየት ጀምሯል። ወደ መኪናዋ ሄዱ።

“ወይዘሮ አሰፋሽ፣ ለካ ድርጅቱ ያንቺ ኖሯል!”

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተንጠለጠለው ኦይታ ጆሮው ቆመ። “የለም፣ የኔ ነው” ሊል አፉን ሲከፍት የሳሙና አረፋ ገባበት።

“ሥራውን እንዴት አዩት?” አለች እትዬ አሰፋሽ፣ አዎም አይደለምም ሳትል።

“ያበራል። ለዓመቱ እንስማማ።”

“የላይኛው ፎቅ ዋጋው ለብቻ ነው። ማንጎም ከጫፍ የሚለቀመው ሌላ ነው፤ እርስዎ ነጋዴ ነዎት፣ እኔ አልነግርዎትም።”

“ኧረ ከሐዋሳ የሚመጡት እንዲህ አይሉም!”

“ይምጧ! ውሃ በዩኒፎርማቸው ኪስ ይዘው ይምጡ። የኛ ውሃ የራሳችን ነው።”

ሐጂ ሳቁ። እትዬ አሰፋሽ ግን አልጨረሰችም፤ ምድር ቤት የሚከፈተው ካፌ ማንጎውን ከሷ በቀር ከማንም እንዳይገዛ አከለችበት። ኦይታ መስታወቱ ውስጥ የሁለቱን እጅ ሲጨባበጥ አየ። እሱ ቢሆን ሐጂ መጀመሪያ በጠሩት ዋጋ እግራቸው ላይ ወድቆ ነበር። ደስ ይበለው ወይስ ይናደድ ሳይቆርጥለት ያንኑ አንድ መስታወት ሦስቴ ወለወለው።

ሪባን ሲቆረጥ ውሃው አልቆ ነበር። ኦይታ እስከ ጉልበቱ ርሶ ከመሰላሉ ወረደና ወደ መስኮቷ ተጠጋ።

“እትዬ፣ አልቋል። አሁን መውረድ ይችላሉ።”

እትዬ አሰፋሽ የኬኩን ሰሐን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ትመለከታለች።

“ወርጄስ ምን ልሠራ?” አለችው። “ግባና ንዳ፤ ሄደን እንሙላው። ያ ከረባት ያሠረው ሰውዬ የመሥሪያ ቤቱን መስኮት ሁሉ ከነገ ጀምራችሁ እጠቡልን ብሎኛል።”

ኦይታ እጁን ሱሪው ላይ አደራረቀ፤ ዞሮ ገባና ሞተሩን አስነሳ።