ፒያሳ ላይ የሞከርነው ፍራሽ

በደርግ ጊዜ ነው። ከእጮኛዬ ከአልማዝ ጋር ባለ ሞላ ፍራሽ ልንመርጥ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባን። ወላጆቿ ጉዳችንን አያውቁም፤ ሽማግሌ የምልከው ገና እሁድ ነበር። ፍራሹን በእጄ ጫን ጫን ሳደርግ ባለሱቁ አዛውንት ሳቁብኝ።

«ፍራሽ በእጅ አይታወቅም፣ ልጄ! ጫማችሁን አውልቁና ሁለታችሁም ተኙበት። አንዱ ሲገላበጥ ሌላውን ከነቀነቀው አትግዙ።»

አልማዝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ጠርዙ ላይ ጋደም አለች፤ እኔም በወዲያኛው ጠርዝ።

«በል ተገላበጥ!» አሉኝ።

ስገላበጥ አባቷና እናቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ክው አልኩ።

አባቷ ቀስ ብለው ቀረቡ።

«ነቀነቀሽ?» አሏት።

«ኧረ አልነቀነቀኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ተነሱ» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ነይ፣ ጫማሽን አውልቂ።»