ሀ ሁ በሹክሹክታ

በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ መጀመሪያ ያየሁት ሕፃን ልጅ ነው። ዱላውንም፣ ጨለማውንም፣ ሌላውንም ሁሉ ጠብቄ ነበር፤ ልጅ ግን አልጠበቅሁም። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የትልቅ ሰው ሹራብ ለብሳ፣ ከፍራሾቹ መሐል ቆማ፣ "አንቺም ታስረሽ ነው?" አለችኝ። ድምፅዋ ከትንፋሽ አይበልጥም። እኔ ጉንፋን የያዛት መስሎኝ ነበር።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንላት ጠና ያለች እስረኛ፣ አዲስ ገቢ ነሽ ብላ እንደ ደንቡ ከበሩ ሥር አስተኛችኝ። ሌላውንም ደንብ ነገረችኝ፤ ድምፅ ከፍ አይልም፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ከተገኘም ሁላችንም እንቀጣለን። እኔ ደግሞ አፌ የማያርፍ፣ እናቴ "ይቺን ልጅ ገበያ መሐል ነው እንዴ የወለድኳት" የምትለኝ ሰው ነኝ። ከእስሩ ሹክሹክታው ባሰብኝ።

የትንሿ እናት እንደኛው በፖለቲካ የተያዘች ናት። ሲወስዷት ልጇን የምትተውበት ቤት አጥታ ይዛት ገባች። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ "እህቴ፣ ተማሪ ነበርሽ አሉ" አለችኝ። "አሁን አክስቷ ተገኝታለች፤ መስከረም ላይ ትወስዳታለች። የእስር ቤት ልጅ ብለው እንዳይንቋት ፊደል ቆጥራ ትምህርት ቤት ትግባ። እኔ ልሞክር ብዬ ነበር፤ መስከረምን ሳስበው ድምፄ እምቢ ይለኛል።"

በምን ልጻፍላት? ጠዋት ከሚሰጠን ሻይ ትንሽ አስቀር ጀመር። ጣቴን ነክሬ ሲሚንቶው ላይ እጽፋለሁ፣ ትንሿ በትንፋሿ ታነባለች፣ ጠባቂዋ ሳትደርስ ይደርቃል። ችግሩ፣ ቃሉ ከረዘመ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋል። ስለዚህ የተማረችው ቃል ሁሉ አጫጭር ነው፤ "ቤት"፣ "ሰው"፣ "ላም"። ላም አይታ ስለማታውቅ ክፍሉ በሙሉ ሊያስረዳት ተረባረበ። አንዷ ቀንዷን፣ አንዷ ጅራቷን ሆና ስታሳያት አፋችንን በነጠላ አፍነን ሳቅን።

መስከረም እንደጠባ አንድ ጠዋት ጠባቂዋ መጥታ ልጅቷ ትዘጋጅ አለች። እናትየው ፀጉሯን ሠርታ ጨረሰችና መሐል አቆመቻት፤ ለእነ እትዬ ፊደል ቁጠሪላቸው አለቻት። ትንሿ በዚያችው በትንፋሽ ድምፅዋ ጀመረች። እናትየው ጮክ እንድትል ለመነቻት። ልጅቷ በሩን አየችና ዝም አለች።

ያኔ ካቦዋ፣ ቀን ከሌት "እሽሽ" የምትለን ራሷ፣ ተነሥታ በሙሉ ድምፅዋ "ሀ" አለች። ክፍሉ በሙሉ ተቀበላት። ጠባቂዋ በሩን በቁልፍ ትደበድብ ጀመር፤ እኛ ለ ላይ ደርሰናል። መ ላይ ስንደርስ የትንሿ ድምፅ ከሁላችንም በላይ ተሰማ። ሻካራና ደፋር ድምፅ ነበራት። እናትየው ያንን ድምፅ ከሰማች ብዙ ጊዜዋ ስለነበር ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። ካቦዋ በዚያ የተነሣ ጠያቂ ተከለከለች። አንድም ቀን አላነሣችውም።

ዛሬ የምኖረው ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ፣ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤንዚን ሰማይ በነካበት ሰመር፣ ባሌ ከሚነዳው የኤርፖርት ታክሲ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ እኔ ከመጋዘን ሥራዬ በማርፍበት ቅዳሜ ልጄን ፊደል ማስቆጠር ጀመርኩ። ዕድሜዋ ያኔ የትንሿን ያህል ነው። ከአዲስ አበባ የተላከ የፊደል ገበታ ፍሪጁ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ይሄኛው አይደርቅም። ልጄ ቶሎ ያዘችው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጣቷን ገበታው ላይ እንዳደረገች ዞር ብላ አየችኝ።

"ማሚ፣ ለምን ዊስፐር እናደርጋለን? ማንም አልተኛም።"

በስልክ ስጮህ ሰፈሩ የሚያውቀኝ ሴት ነኝ፤ ባሌ "ለአንቺ ካሊንግ ካርድ ምን ያደርግልሻል፣ በመስኮት ተጣሪ" ይለኛል። ፊደል ላይ ስደርስ ግን ለካ ሳላውቀው ድምፄ ይወርዳል። ልጄም ፊደል እንዲያ የሚባል መስሏት ተከተለችኝ። ፍርሃቴን ከፊደሉ ጋር እያወረስኳት መሆኔ ሲገባኝ በጣም አዘንኩ።

ልክ ነሽ፣ ጮክ እንበል አልኳት። ወዲያው ጨዋታ አደረገችው፤ እየዘለለች ትጮህ ጀመር። የሐ ቤትን ስንጨርስ ከታች ያለው ጎረቤታችን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ድንግጥ አልኩ። ልጄ ወለሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ትንሿ የእስር ቤቱን በር ስታይ አይቼዋለሁ።

ሰውዬው ጠባቂ አይደለም፤ ዕረፍት የፈለገ ሽማግሌ ነው። ስለ ዝላዩ በኋላ ወርጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ትንሿ አሁን የት እንዳለች አላውቅም፤ ትልቅ ተማሪ ሆና ይሆናል። ክፍል ውስጥ ስታነብ ድምፅዋ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ማመን ያስፈልገኛል።

የዚያን ቀን ልጄ እንደ ቆመች ጠየቀችኝ።

"ማሚ፣ ታች ያለው ሰውዬ ይሰማናል?"

"ይስማ" አልኳት። መዝለሉን አስተውኳት፤ ጣቷን ይዤ መ ላይ አደረግሁት።