የቃል ትእዛዝ

ላይማን ኮርትራይት በጠረፍ ፈረሰኛ ጦር አሥራ አራት ዓመት አገልግሎ በሃምሳ አለቅነት ሲሰናበት፣ በነብራስካ ሜዳ ላይ ያለችው የካርሊን ከተማ የፖሊስ አዛዥ አድርጋ ሾመችው። ምክትሉ እንዲሆን የመረጠው የጦር ጓዱን ዴኒስ ሃርኪንን ነበር። በጠረፍ ላይ ወታደር ብርድ ልብሱን ከአንድ ባልንጀራ ጋር ደርቦ ነው የሚተኛው፤ ሁለቱ ስንት ክረምት ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው አሳልፈዋል።

ምርጫ ሲቃረብ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የእሑድ መጠጥ ይከልከል እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጡት ከንቲባ ሁለቱን አስጠራ።

«እሑድ መሸታ ቤቶቹን ዝጋልኝ፣ አዛዥ። የፊቱንም የጓሮውንም በር።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

ሲወጡ ሃርኪን ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት አትጠይቅም?»

«አለቃ ከተናገረ የምን ወረቀት? ደግሞስ አንተ ሰምተህ የለም እንዴ?»

«እኔማ ሰምቻለሁ።»

በካርሊን የእሑድ ሕግ ማለት የፊቱን በር ዘግቶ በጓሮ ማስገባት ነበር። ኮርትራይት ግን እንደታዘዘው ሁሉንም ዘጋ። ጀርመኖቹ ቢራ ጠማቂዎች በቁጣ ነደዱ፤ «ድምፃችንን አታገኛትም!» ሲሉ ከንቲባው ላይ ዛቱ። ከንቲባውም በምክር ቤቱ ፊት ቆሞ፣ «እኔ አላዘዝኩም፤ በገዛ ፈቃዱ ነው» አለ።

ኮርትራይት አልደነገጠም። «ዴኒስ ይመስክር» አለ።

ሃርኪን ባርኔጣውን እያሻሸ ተነሣ። «እኔ እንኳ... እንዲህ ያለ ነገር መስማቴን አላስታውስም።»

«ጆሮህን ውርጭ በላው እንዴ፣ ዴኒስ?» አለ ከኋላ አንድ ጠጪ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ኮርትራይት ብቻ አልሳቀም። ሃርኪን ሲዋሽ ትንፋሹ እንዴት እንደሚቆራረጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እዚያው ተሻረ። በማግስቱም ሹመቱ ለሃርኪን ሆነ።

ሃርኪን የምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ደረሰበት። «ላይማን፣ ስማኝ እንጂ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። እውነቱን ብናገር እኔንም ያባርሩኝ ነበር።»

«ሹመቱን ፈልገህ ብትነግረኝ ራሴ በለቀቅኩልህ ነበር። ስሜን ለምን አስረከብካቸው?»



በሚቀጥለው እሑድ ኮርትራይት ከሚስቱ ከአዲሊያ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የጓሮ በሮቹ ሁሉ ተከፍተዋል። አዲሱ አዛዥ ማእዘኑ ላይ ቆሟል። ኮርትራይትን ሲያይ እጁ ሳያስበው ለወታደር ሰላምታ ወደ ግንባሩ ሄደ። ኮርትራይት በዕድሜው የማንንም፣ የተማረከ ጠላትን እንኳ፣ ሰላምታ ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም።

ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አለፈ።