የእናቷ ብርድ

እታገኝ ልጅ ሳለች ውርጭ አውሬ ይመስላት ነበር። እናቷ ሺታዬ ስለ ድሮ አገሯ ስታወራ «የዚያን ዓመት ገብሱን ውርጭ በላው» ትላለች። እነሱ በሚኖሩበት በጋምቤላ ቆላ፣ አቦቦ ውስጥ ደግሞ እህል የሚበላ ሁሉ አፍ ያለው ነው፤ በቆሎውን ዝንጀሮ ይበላዋል፣ ማሽላውን ወፍ፣ ከዚያ የተረፈውን ከርከሮ። እናም አንድ ቀን ማሳ እየጠበቁ ሳለ፣ «እማ፣ ውርጭ ጅራት አለው?» ብላ ጠየቀች። ሺታዬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በኋላ ሳቁ ቆመና እንባው ብቻ ቀረ። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

ሺታዬ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከደላንታ ደጋ፣ ከአባቷ ጋር በሰፈራ የመጣች ናት። ያኔ ገና ልጅ ነበረች። እዚሁ አደገች፤ እዚሁ ደሞዝ የሚባል የሰፋሪ ልጅ አገባች፤ እታገኝንና ታናሿን ፍቃዱን እዚሁ ወለደች፤ ደሞዝንም እዚሁ ቀበረችው። ጥጥ ለቀመች፣ ማንጎ ተከለች፣ ከአኙዋክ ጎረቤቶቿ ጋር በሐዘንም በደስታም ተጠራራች። አገሩን አልጠላችውም፤ ማንም ሰው ፊት አማርራው አታውቅም። የሚናፍቃት ዘመድም ብዙ አልነበራትም፤ ድርቁ ጨርሷቸዋል። የምትናፍቀው ብርዱን ነበር።

የካቲትና መጋቢት ላይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ሲግል፣ ማንጎው ሥር በሰሌን ላይ ተጋድማ ስለ ብርድ ታወራለች። ማለዳ ሣሩ ስለሚሸብትበት ውርጭ፣ ጣት አልታዘዝ ስለሚልበት ቆፈን፣ ከከብቶቹ አፍ ስለሚወጣው ጢስ የመሰለ ትንፋሽ። እታገኝ ይህን ሁሉ በቃል ታውቀዋለች። በሰውነቷ ግን አንዱንም አታውቀውም።

አድጋ ነርስ ሆነች። ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ፣ የተጎዱ ሕፃናት የሚያገግሙበት ክፍል ተቀጠረች። እዚያ ከስዊዘርላንድ የመጣች ቬሬና የምትባል አዋላጅ ጎረቤቷ ሆነች። ሙቀት አላስተኛ ሲላቸው ሁለቱም ሲሚንቶው ላይ እርጥብ አንሶላ አንጥፈው ይቀመጣሉ። አንድ እሑድ ቬሬና የመንደሯን ፎቶ በስልኳ አሳየቻት፤ ከተራራ ሥር የተጠጋጉ የእንጨት ቤቶች፣ ጣሪያቸው ነጭ።

«ማለዳ ሣር ላይ የሚቀመጥ ነጭ ነገር አለ? በረዶውን አይደለም የምልሽ፤ እንደ ዱቄት ያለውን፣» አለቻት እታገኝ።

«ውርጩን ነው? ሞልቶ! ምነው?»

«እናቴ ነች የምትናፍቀው።»

ቬሬና አልሳቀችም። በሚቀጥለው የካቲት መሥሪያ ቤታቸው እታገኝን ለስልጠና ወደ ጄኔቭ ሲልካት፣ ቬሬናም የዓመት ፈቃዷን ወደዚያው ወር አዛወረች። «ስልጠናው ሲያልቅ አባቴ ቤት ትመጫለሽ። ስኪም፣ በበረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ ትማሪያለሽ፣» አለቻት።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ካፖርት የሚሸጥ ሱቅ የለም። የሰልባጅ ነጋዴዋ ፍርዶስ ከቦንዳው ሥር ቆፍራ አንድ ከባድ፣ ቡናማ ካፖርት አወጣች። «ይሄን የሚገዛኝ እብድ ስጠብቅ ዓመቴ ነው፣» አለቻት። እታገኝ ለብሳው ስታየው ላቧ ጠብ አለ።

ሺታዬ ልትሸኛት ከአቦቦ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መጣች።

«ምን ላምጣልሽ እማ?»

«ብርድ በሻንጣ አይመጣ። በደንብ ይብረድሽና ነይ፣ ሆዴ።»

መንደሩ የደረሱት ከጄኔቭ በባቡር፣ ከዚያ ጠመዝማዛውን መንገድ በአውቶቡስ ወጥተው ነው። ቤቶቹ ፀሐይ ያጠቆራቸው ወፋፍራም ግንድ ናቸው፤ በየበረንዳው ሥር ማገዶ ተደርድሯል። በመካከላቸው ደግሞ በአጫጭር እግር ላይ የቆሙ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አሉ፤ በእግሮቹና በቤቱ መሃል እንደ እንጀራ ክብ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቷል። እታገኝ ሻንጣዋን ይዛ ቆመች።

«ጎተራ ነው!» አለች በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «ድንጋዩ ለአይጥ ነው አይደል?»

«አይጥ እንዳይወጣ ነው። ማን ነገረሽ?» አለች ቬሬና ተገርማ።

የቬሬና አባት አሎይስ ይባላሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ከብት ያረባሉ፤ በብርዱ ወራት ደግሞ የላይኛውን ፎቅ ለስኪ እንግዶች ያከራያሉ፣ ጀማሪም ያስተምራሉ። ከጀርመንኛ ሌላ አይናገሩም። የእታገኝን እጅ ጨብጠው ካፖርቱን ላይ ታች አዩትና አንድ ነገር አሉ።

«የአያቴን ካፖርት ይመስላል እያሉ ነው፣» አለች ቬሬና።

በማግስቱ ማለዳ እታገኝ ከሁሉም በፊት ተነስታ ወደ ደጅ ወጣች። አየሩ አፍንጫዋን ቆነጠጣት። አጥሩ፣ የውኃ ገንዳው ጠርዝ፣ በረዶው ገለጥ ያለበት ሣር ሁሉ በደቃቅ ነጭ ነገር ተሸፍኗል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው፤ ነካ ስታደርገው ጠፋ። ከቤቱ ሥር ካለው ጋጣ የድርቆሽና የእበት ሽታ ይመጣል፤ በበሩ ቀዳዳ የላሞቹ ትንፋሽ እየጨሰ ይወጣል። እናቷ ማንጎው ሥር ተጋድማ የነገረቻት ሁሉ እፊቷ ቆሞ አየችው። ማንም ሳያሳያት ያወቀችው አገር መሰላት። ሺታዬ አጠገቧ ብትሆን ብላ ተመኘች።

ያን ቀን ስኪ ጀመረች። ስኪ በሚባሉት ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ እንጨቶች ላይ የሚቆለፈው ጫማ እግር ሲሰበር እንደሚታሰር ጀሶ ነው፤ አያስኬድ፣ አያስቀምጥ። ትንሿ ዳገት ላይ ገና አፋቸውን ያልፈቱ የሚመስሉ ሕፃናት እንደ ድርጭት እየተከታተሉ ሽው ይላሉ። እታገኝ በቆመችበት ወደቀች። ስትነሳ እግሯ እንደ አዲስ ጥጃ እግር ተበታተነ፤ እንደገና ወደቀች። አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገቧ ቆማ በጀርመንኛ መከረቻት።

«ጉልበትሽን እጠፊ። የሁለቱን ስኪ አፍንጫ አቀራርቢ፣ ኋላውን ክፈቺ፣» ይላሉ አሎይስ፤ ቬሬና ታስተረጉማለች። «ፈርተሽ ወደ ኋላ ስትሸሺ ይጥልሻል። ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል በዪለት፤ ያኔ ይታዘዝሻል።»

ሰውነቷ ግን እምቢ አለ። ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ቁልቁለት ሲያይ ወደ ኋላ ነው የሚለው። ሲመሽ ጓንቷን አውልቃ የካፖርቷን ቁልፍ ልትፈታ ብትሞክር ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። የሌላ ሰው ጣቶች ይመስላሉ። አየቻቸውና ሳቀች። «ቆፈን ነው!» አለች። ምን እንደሚያስቃት ለማንም ማስረዳት አልቻለችም።

ራት ላይ ወደ አቦቦ ደወለች። ፍቃዱ በስማርት ስልኩ አገናኛቸው፤ ምስሉ እምቢ ሲል በድምፅ ብቻ ሆነ።

«በረደሽ?» አለች ሺታዬ ሰላምታውን ሳትጨርስ።

«በረደኝ እማ።»

«ጣትሽንስ?»

«ቆፈነኝ። ቁልፍ መፍታት አቃተኝ።»

«እሰይ!» አለች ሺታዬ፣ ልጇ ፈተና ያለፈች ይመስል። «ውርጩንስ አየሽ?»

«አየሁት። ሣሩ ሸብቷል።»

«ገብሱን መታው?» አለች ሺታዬ ቀስ ብላ።

እታገኝ ለቬሬና ነገረቻት፣ ቬሬና ለአባቷ። ሽማግሌው አይብ የሚቆርጡበትን ቢላ አስቀመጡ። እንግዳ ሁሉ ስለ በረዶው ይጠይቃቸዋል፤ ስለ እህል የጠየቃቸው ግን ከስንት ዘመን ወዲህ አልነበረም።

«ገብስማ ከተውን ቆየን በሉልኝ፣» አሉ። «ስንዘራም ግን በረዶው ከላይ ካለበሰው አይሞትም ነበር። የሚገድለው ራቁቱን ያገኘው ውርጭ ነው።»

«እውነታቸውን ነው!» አለች ሺታዬ። «በእኛ አገር የሚያለብሰው የለም፤ ሁሌም ራቁቱን ነው የሚያገኘው። ከብቶቻቸውን የት ነው የሚያሳድሩት በያቸው?»

«ከሚተኙበት ቤት ሥር ነው እማ። ሙቀታቸው ወደ ላይ ይወጣል።»

«እንደኛ ቤት!»

እንዲህ እያሉ፣ ሁለቱ ሴት ልጆች መሃል ሆነው እያስተላለፉ፣ አንዷ ከአቦቦ ሌላው ከተራራው፣ ስለ ድርቆሽና ስለ ጥጃ፣ ስለ ጉምና ስለ ማገዶ ተጨዋወቱ። ኔትወርኩ ሲቋረጥ አሎይስ ስልኩን ትንሽ አዩት።

«ከአገሯ ከወጣች ብዙ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ወደ አርባ ዓመት ይሆናታል።»

«ተመልሳ አላየችውም?»

«አላየችም።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። «በልጅነቴ በረዶው እዚህ ድረስ ነበር። በመስኮት ነበር የምንወጣው። አሁን የታችኛው ዳገት ላይ በማሽን ይረጩታል፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ እሱም አይሆንም። እኔ ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም፣ ትቶኝ የሚሄደው እሱ ነው።» ቬሬና ይህን ስታስተረጉም ድምፅዋ ደከም አለ፤ አባቷ እንዲህ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም ነበር።

በመጨረሻው ቀን አሎይስ እታገኝን በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ዳገቱን በሚወጣው ወንበር ወደ ላይ አወጧት። ከላይ ምንም ድምፅ የለም። አቦቦ ሌሊቱ በእንቁራሪት፣ ቀኑ በወፍና በፌንጣ የሚጮህ አገር ነው፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። አሎይስ በእጃቸው «ተከተይኝ» አሏትና ሰፊውን ዳገት እየተጠማዘዙ መውረድ ጀመሩ። የእሳቸውን ፈለግ ይዛ ተከተለች። መጀመሪያ ላይ ሰውነቷ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ስኪው ተንገጫገጨ። ከዚያ፣ እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል አለችለት። ስኪው ታዘዛት። ዞረች። እንደገና ዞረች። በረዶው ከእግሯ ሥር እንደ አዲስ ጨርቅ ይቀደዳል፣ ነፋሱ ጉንጯን ይገርፋል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። በብርዱ ይሁን በሌላ ነገር አልለየችውም። «እማ፣ በረደኝ፣» አለች ጮክ ብላ በአማርኛ፣ ሰሚ በሌለበት። «እማ፣ በረደኝ!» ታች ስትደርስ አልወደቀችም ነበር። አሎይስ ጓንታቸውን አውልቀው በባዶ እጃቸው ጨበጧት።

ጋምቤላ ላይ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላት። አቦቦ ስትደርስ ሺታዬ ከማቀፏ በፊት ሁለቱንም እጆቿን ይዛ በመዳፏ መካከል አቆየቻቸው፣ ትንሽ የተረፈ ብርድ ቢኖር ብላ። ከዚያ ሰሌኑ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም አስወራቻት። አኙዋኳ ጎረቤታቸው አጁሉም መጥታ አዳመጠች።

«ሰው ተራራ ወጥቶ በእንጨት ይንሸራተታል?» አለች አጁሉ።

«አዎ።»

«ይወድቃል?»

«ይወድቃል።»

«ተነስቶ ደግሞ ይወጣል?» አጁሉ ራሷን ነቀነቀች። «እነሱ አገር ሥራ የለም።»

እናቷ እየሳቀች ሳለ እታገኝ በልቧ የያዘችውን አወጣችው። «እማ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደላንታ ልውሰድሽ። ጥቅምት ላይ፣ ውርጩ ሲወርድ።»

ሳቁ ከሺታዬ ፊት ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። የሰሌኑን ጫፍ ትነካካ ጀመር። «ብሄድና ቢበርደኝስ?» አለች።

«ታዲያ ብርዱን አይደል የምትፈልጊው?»

«ባልችለውስ ማለቴ ነው። እዚህ ሆኜ እድሜዬን ሙሉ ናፍቄው፣ እዚያ ደርሼ ጋቢ ደርቡልኝ፣ በር ዝጉልኝ ካልኩ፣ የምናፍቀው ምን ይቀረኛል?»

ከዚያ ወዲህ እታገኝ ስለ ጉዞው አላነሳችባትም።

ቬሬና ኮንትራቷ አልቆ ወደ አገሯ ተመለሰች። አልፎ አልፎ ፎቶ ትልካለች። ባለፈው ዓመት የታችኛው ዳገት ጭራሽ ሳይከፈት እንደቀረና አባቷም ጉልበታቸው ደክሞ ማስተማር እንዳቆሙ ጽፋላታለች። እታገኝ አሁንም ትየርኪዲ ነው የምትሠራው። ሥራዋን ትወዳለች። ነገር ግን የካቲት ሲገባ፣ አየሩ ሲነድ፣ ክብደቱን የምትመዝነው ሕፃን እቅፏ ውስጥ ሲያልበው፣ ያ ቁልቁለት ይመጣባታል፤ ጉንጯ ላይ ነፋሱ፣ ጆሮዋ ውስጥ ዝምታው። አንዳንዴ ሥራ መሃል ቆማ ጣቶቿን ታያለች።

በቀደም አቦቦ ሄዳ ማንጎው ሥር ከእናቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ሳታስበው «ወይ ያ ብርድ!» አለች።

ሺታዬ ተነስታ ተቀመጠች። «አንቺ እዚህ ነው የተወለድሽው። የማን ብርድ ነው የናፈቀሽ?»

«እኔ እንጃ እማ።»

«ለዚህ ቤት የእኔ ናፍቆት ይበቃ ነበር፣» አለች ሺታዬ በቁጣ፤ ፊቷ ግን አልተቆጣም። ከዚያ ፈቀቅ ብላ ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችላትና፣ «በይ ተጋደሚና አውሪኝ። ከላይ ጀምሪልኝ፣ ከተራራው፣» አለቻት።