ልጁ መሃል ይግባ

ዛሬ የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ሳይ፣ በሁለት አንጋፋ አጥቂዎች መሃል የተሰለፈው ጀማሪ ልጅ ጎል ሲያገባ ብቻዬን ሶፋ ላይ «እትዬ ዘይነባ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ዘይነባ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ የወሎ ሴት ናቸው። የሆኪ ሕግ አንዱንም አያውቁም፤ አሰልጣኝ መቆጣት ግን ይችሉበታል።

አብረን ጨዋታ ስናይ አሰልጣኙ ጀማሪዎቹን ለብቻቸው፣ በመጨረሻ ተራ በሚገባው የአጥቂዎች ምድብ ውስጥ ሲያሰልፋቸው እትዬ ቲቪው ላይ ይጮሁ ነበር፦ «ልጅን ከልጅ ጋር ምን ያስቀምጠዋል? ማዕድ ላይ ልጅ ትልልቆቹ መሃል ነው የሚቀመጠው! እያጎረሱት ይለምዳል!»

«ኧረ እትዬ፣ ሆኪ እኮ ነው!» ብዬ እስቅ ነበር።

ዛሬ ግን ትዝ ያለኝ፣ አሜሪካ በገባሁ ሰሞን እራት ላይ እሳቸውና ባላቸው ገለል ገለል ብለው መሃላቸው ያስቀመጡኝ ነው።

እናንተንስ ማን ነበር መሃል ያስገባችሁ?