መንታዎቹን የለየንበት ጠዋት

ቢቸና በሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ክረምት መንታ ሴቶች ልጆች በሳንባ ምች ታመው መጡ። እናታቸው ሞጣ ያገባች ወጣት ናት። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ቢቸና መጥታ ሁለት ሆነው ተወለዱላት። ገና ከአራስ ቤት ሳትወጣ ሁለቱም ማሳል ጀመሩ፤ ጡት መሳብ አቃታቸው።

መልካቸው አንድ ነው፤ ክብደታቸው ግን አንድ አልነበረም። አንደኛዋ ሞላ ያለች ናት። የሌላዋ ክንድ ከአውራ ጣቴ አይወፍርም። አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ አልብሰን ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ትንንሽ አልጋዎች አስተኛናቸውና ካርዳቸውን በየአልጋቸው ግርጌ ሰቀልን። የታዘዘላቸው መርፌ በክብደት ተሰልቶ የሚሰጥ ነው። ለትልቋ ልክ የሆነው ለትንሿ ይበዛል፤ ሲበዛ ደግሞ ጆሮና ኩላሊት ይጎዳል።

በማግስቱ ጠዋት የትልቋን መድኃኒት ቀድቼ፣ ካርዱን አንብቤ፣ ልጅቷን ላነሣ እጄን ከሥሯ ሰደድኩ። ቀለለችብኝ። መርፌውን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምነው ቆምሽ? ሐኪሙ ለዙር እየመጣ ነው» አለኝ አብሮኝ ተረኛ የነበረው ነርስ።

«ይህቺ ልጅ ትልቋ አትመስለኝም።»

«ካርዱ እኮ የትልቋ ነው።»

«ካርዱማ የትልቋ ነው። እኔ የምልህ ልጅቷን ነው። አንድ ጊዜ ልመዝናት።»

«ትናንት መዝነናት የለ? ባንድ ሌሊት ምን ያህል ልትከሳ ነው?»

ብርድ ልብሷን ገልጬ ሚዛኑ ላይ አስተኛኋት። ሚዛኑ ያሳየው የትንሿን ክብደት ነበር። ባልደረባዬ አንገቱን አስግጎ አየ። እኔ የአልጋውን ብረት ይዤ ቆምኩ።

በዚህ መሀል የልጆቹ አያት ለአራሷ አጥሚት ይዘው ገቡ።

«እማማ፣ ልጆቹን ከቦታቸው ያዛወረ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ነኝ ልጄ። ትንሿን መስኮቱ ሥር ብርድ መታብኝ፤ ትልቋ ትችለዋለች ብዬ አልጋ አለዋወጥኳቸው። ምነው፣ ክፉ ሠራሁ?»

«ምንም አላጠፉም። ምልክት ሳናደርግባቸው የተውናቸው እኛ ነን።»

በድካም ወለሉ ላይ እንቅልፍ ጥሏት የነበረችው እናት በንግግራችን ነቃች። ሁለቱን ልጆች አቀረብንላት። አላመነታችም። የትንሿን ጆሮ ቀስ ብላ አጥፋ ከሥሩ ያለችውን ጥቁር ነጥብ አሳየችን፤ «ይቺ ትንሿ ናት» አለች።

የቀዳሁትን ደፋን። ትልቋንም መዘንናትና ለየራሳቸው እንደገና ቀዳን። እሱ መጠኑን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ አያለሁ። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ወሰዱ። ከዚያ ባልደረባዬ ሳልነግረው ፕላስተር ቆርጦ «ትልቋ»፣ «ትንሿ» ብሎ ጻፈበትና በየቁርጭምጭሚታቸው አሰረላቸው።

ሐኪሙ ሲመጣ የሆነውን ሁሉ በሰው ፊት ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን እግራቸው ላይ ያለውን ፕላስተር አየና የክፍሉን ኃላፊ ጠርቶ «ይህ ነገር ለሁሉም ልጅ ይሁን» አለ። ከዚያ ወዲህ የታሰረው ሳይታይ፣ እናቲቱ ሳትጠየቅ፣ ሁለት ሰው መጠኑን ሳያየው ለማንም ሕፃን መርፌ አይሰጥም ተባለ። መጀመሪያ ሥራ አበዛሽብን ያሉኝ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ነርስ «ሲስተር፣ እግሩን አላየሽም» ብላ እጄን ያዘችኝ። አይቼው ነበር፤ እሷ ግን አላየችኝም። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየሣቅሁ ነው።

ትልቋ ቀድማ ዳነች። ትንሿ ኦክስጅን ላይ ሰነበተች፤ እኛም አብረናት ሰነበትን። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ጡት ይዛ አልለቅም አለች። እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝና ሣቀች፤ ስትሥቅ ያየኋት ያኔ ገና ነው። ሲወጡ ባልደረባዬ አንደኛዋን፣ እኔ ሁለተኛዋን ታቅፈን እስከ ባጃጁ ሸኘናቸው።

ሰማንያ ቀናቸው ሲደርስ ከሞጣ ተደወለልኝ። «ለትንሿ ክርስትና እናት የምትሆኚው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው አላሰብንም» አለችኝ እናቲቱ። ፈረቃዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ በዋዜማው በሚኒባስ ሄድኩ። በነጋታው ቤተ ክርስቲያኑ በሰው ሞልቶ፣ አያትየዋ ከቢቸና መጥተው ከፊት ቆመው ነበር። ቄሱ ልጅቷን ከውሃው አውጥተው ሰጡኝ። እየተንፈራገጠች፣ በዚያ በዳነ ሳንባዋ ጉልላቱ እስኪያስተጋባ ጮኸች። ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። በጣም ከብዳ ነበር።