እሑድ ያረፍኩ ዕለት

ሐኪሙ ዓይኔን አይቶ «ስልክ ቀንስ» ሲለኝ ከእኔ ይልቅ ባለቤቴን ደስ አላት። ቢቸና ውስጥ ስልክ ላይ የሚያፈጥ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስል «ነግሬው ነበር» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እውነቱን ለመናገር የደከመው ዓይኔ ብቻ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ፣ የዕድሩ ግሩፕ፣ «ይህን ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ» የሚሉት ዘመዶቼ፣ ሁሉም ኪሴ ውስጥ ተቀምጠው ሲነዝሩኝ ይውላሉ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ስልኬን አጥፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ልቆልፍበት፣ ቴሌቪዥንም ላልከፍት ወሰንኩ። እግዜር እንኳ በሰባተኛው ቀን አርፏል፤ እኔ ማን ነኝና?

የመጀመሪያው እሑድ ከባድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እጄ በራሱ ፈቃድ ኪሴ ይገባል፣ ባዶ ሲሆንበት ይወጣል። የሌለ ስልክ ጭኔ ላይ ይነዝረኛል። ሰዓት ለማየት ወደ ግድግዳው ባንጋጥጥ ሰዓቱ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ በቤቱ የሚያውቅ የለም። ጭር ሲልብኝ ባለቤቴን «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላት «ሽንኩርት አለ፤ ና ላጥ» አለችኝ።

ሸሽቼ ጓሮ ወጣሁ። ኮኩ ሥር ሰሌን አንጥፌ፣ ዝንቡ ሲያስቸግረኝ ጋቢዬን እስከ አናቴ ተከናንቤ ጋደም አልኩ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዘመኔ ነው።

ሞጣ ታላቅ እኅት አለችኝ። እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ብቻዋን ነው፤ በየቀኑም ትደውልልኛለች። የምትደውለው ግን ለመቆጣት ነው። ድምፄ ከቀጠነ «አትበላም»፣ ከጎረነነ «ጠጥተሃል»፣ ቶሎ ካላነሳሁ «ዘጋኸኝ» ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም ከ«ሀ» ያለፍኩ አይመስላትም።

የዚያን ዕለት የእኔ ስልክ እምቢ ሲላት ባለቤቴ ላይ ደወለች። ባለቤቴ ሽንኩርቱን እየከተፈች፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ አፍንጫዋን እየሳበች አነሳችው።

«ወንድሜ የት ሄዶ ነው?»

«ኧረ እሱስ ዛሬ አርፏል እትዬ። እሱም አረፈ፣ እኛም አረፍን።»

ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ። የእኛ ኔትወርክ መሄጃውን ያውቃል።

ለምሳ ስትቀሰቅሰኝ ባለቤቴ «እትዬ ደውላ ነበር፤ ማረፍህን ነግሬያታለሁ» አለችኝ። «ደግ አደረግሽ» ብዬ በልቼ ተመልሼ ተኛሁ።

የነቃሁት በ«ወየው ወንድሜ!» ነው። እትዬ ባገኘችው መኪና ተሳፍራ፣ ደብረ ወርቅንም እያለቀሰች አልፋ፣ በጓሮው በር ገብታ ሰሌኑንና ጋቢውን አይታለች። ልነሳ ስል ሙሾ ማውረድ ጀመረች። አንበሳ አለችኝ። ምሁር አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከእሷ አፍ «ጎበዝ» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ትንሽ ልስማ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች ነበርና እጇ እየተንጠባጠበ ሮጣ ወጣች። እትዬ መርዶ ይዛ ከሞጣ የመጣች ስለመሰላት ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ አንገቷን አቅፋ አብራት ታለቅስ ጀመር። የጎረቤት ሴቶችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተፍ አሉ። ሟች አለመሞቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ሙሾው እንዲቋረጥ አልፈለግኩም።

ከዚያ እትዬ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«በቀን አንዴ ብቻ ድምፅህን ስሰማ፣
ሰው አለኝ እል ነበር በሞጣ ከተማ።»

ያ ሁሉ ቁጣ ለካ «አለህ ወይ?» ማለት ኖሯል። ጋቢውን ገለጥኩና «እትዬ፣ አለሁ» አልኳት።

አንዷ ጎረቤታችን እየጮኸች በአጥሩ ሾለከች። እትዬ ትኩር ብላ አየችኝ፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን አገላብጣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ጃንጥላዋን አነሳች።

«በሰንበት ሙሾ ታስወርደኝ? ‹ተኝቷል› አስብል እንጂ አንተ!»

ሊያለቅሱ የመጡት ጎረቤቶች የተረፈውን ወጥ ጨርሰው ሄዱ።

እሑድን አሁንም አርፋለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ስልኬን ቆልፌበት ሞጣ እወርዳለሁ፤ እትዬም ፊት ለፊት ትቆጣኛለች። ባለፈው ምሳ እየበላን ያንን አንበሳና ምሁር ያለበትን ሙሾ አንዴ ብቻ እንድትደግምልኝ ለመንኳት።

«እረፍ!» አለችኝ።

የትኛውን «እረፍ» ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።